ብረቱ እጅን እስኪረሳ፦ የወይዘሮ አርሌት ቶናር ዜና ሕይወት

ወይዘሮ አርሌት ቶናር ከአባታቸው ከአቶ ላምቤር ቶናርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቤርት ኮላር፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1946፣ እዚሁ ቤልጅየም፣ ሸራት መንደር ውስጥ፣ ከከሰል ጉድጓዱ ግንብ ቁልቁል ሦስተኛው ቤት ተወለዱ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ከሰል ከሚወጣበት መንደር ከሰል የጠፋበት የብርድ ጊዜ ስለነበር፣ አዋላጇ ሌላ የሚያሞቅ ጨርቅ ብታጣ አራሷን ልጅ በአባትየው የሥራ ሽርጥ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ አስተኛቻቸው። በሽርጡ ላይ የነበረው የብረት ብናኝ ገላቸው ላይ ተጣብቆ በማግሥቱ ታጥበው እንኳ ሙሉ በሙሉ ስላልለቀቀ፣ ወይዘሮ ቤርት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ሌላው ልጅ ቅቤ ይቀባል፣ የእኔዋ ብረት ተቀባች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

አባታቸው አቶ ላምቤር በቤታቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው የጠመንጃ ብልቶችን በሞረድ የሚያስተካክሉ፣ እንደ ብዙዎቹ የዚህ ሸለቆ ሰዎች ሙያቸውን ከአባታቸው የወረሱ ባለሙያ ነበሩ። አቶ ላምቤር የሞረዱትን ብረት ወዲያው አይለኩትም። በመስኮቱ ደፍ ላይ አኑረውት ፒፓቸውን ለኩሰው፣ ትምባሆው አመድ እስኪሆን ድረስ ወንዙን ሲመለከቱ ይቆዩ ነበር፤ እጅ የነካው ብረት ይሞቃልና፣ የሞቀ ብረት ያብጣልና፣ ያበጠ ብረትም ይዋሻልና። ልጃቸው ብረቱን ለማንሳት እጃቸውን ሲዘረጉ አባትየው «ተይው፣ ገና እየረሳኝ ነው» ይሏቸው ነበር። ይህች ቃል ናት ወይዘሮ አርሌትን ዕድሜ ልካቸውን የመራቻቸው፤ ዛሬም እዚህ የምትነበበው ስለዚሁ ነው።

ለትምህርት በደረሱ ጊዜ፣ ሴት ልጅ ሞረድ ትያዝ የሚል ሰው በሸራት ስላልነበረ፣ በመነኮሳት ወደሚመራው የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ገቡ። ስፌቱን አልጠሉትም፤ ነገር ግን መምህርታቸው እኅት ኦገስቲን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ለወላጆቻቸው በላኩት ወረቀት ላይ «ልጃችሁ ትለካለች፣ ደግማ ትለካለች፣ ጨርቁን ግን አትቆርጥም» ብለው ጻፉ። አቶ ላምቤር ወረቀቱን አንብበው እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ምስጋና ቆጠሩትና አጣጥፈው በመሣሪያ ሳጥናቸው ውስጥ አኖሩት። ወይዘሮ አርሌትም በ1965 ኤርስታል በሚገኝ ፋብሪካ የብረት ብልቶችን ልክ የሚቆጣጠሩ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩና መቀሱን ለዘለቄታው አስቀመጡት።

ከአቶ ፌርናን ደልቬን ጋር የተዋወቁት በአንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። አቶ ፌርናን በብረት ማቅለጫው የሚሠሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ርግብ የሚያወዳድሩ ጎልማሳ ነበሩ፤ ያን ቀን ከፈረንሳይ አገር የተለቀቀች አንዲት ሰማያዊ ርግባቸው ሦስት ሰዓት ዘግይታባቸው፣ በአጎታቸው ጓሮ ቆመው አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ይጠብቁ ነበር። ወይዘሮ አርሌት በአጥሩ ማዶ ሲያልፉ አዩዋቸውና፣ ምንም ሳይጠይቁ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረዋቸው ጠበቁ። ርግቧ መጣች። አቶ ፌርናን ያን ዕለት ለእናታቸው «ዝም ብላ መጠበቅ የምታውቅ ሴት አገኘሁ» ብለው ነገሯቸው፤ በአፕሪል 12 ቀን 1969 በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ በ1971 ልጃቸውን ቤኔዲክትን፣ በ1974 ልጃቸውን ዢልን ወለዱ።

በ1978 ከሊዬዥ ከተማ በላይ፣ በጫካው ኮረብታ ላይ ባለው የሕዋ መሣሪያዎች መፈተሻ ቤት ተቀጠሩ፤ በወርክሾፑ ወለል ላይ ከወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴትም ነበሩ። ሥራቸው መስተዋት አልነበረም፤ ብዙ ሰው እንዲያ ይመስለው ነበር። ሥራቸው መስተዋቱ የሚቆምበት ድጋፍ ነው። ወደ ሕዋ የሚላከው የቴሌስኮፕ መስተዋት ክብደት በሌለበት ቦታ ለመኖር የተሠራ ስለሆነ፣ እዚህ ምድር ላይ ሲፈተሽ በገዛ ክብደቱ ይጎብጣል፤ ስለዚህም ሦስት እግር ባለው ድጋፍ ላይ፣ ሳይጨነቅና ሳይላላ፣ እናት ሕፃን እንደምታቅፈው ሆኖ መያዝ አለበት። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ከፀጉር ውፍረት መቶ ጊዜ በሚያንስ ልክ ከፍ ቢል መስተዋቱ የጎበጠ ይመስላል። መስተዋቱ ይሄዳል፤ ድጋፉ ግን እዚሁ ምድር ላይ ይቀራል፤ ስሙንም የሚያነሳው የለም። ይህ ለወይዘሮ አርሌት ቅር የሚያሰኝ ነገር ሆኖ አያውቅም።

እያንዳንዱን ብሎን ካጠበቁ በኋላ ከድጋፉ ርቀው፣ በሩን ዘግተው፣ የእጃቸውና የትንፋሻቸው ሙቀት ከብረቱ እስኪወጣ አርባ ደቂቃ ይጠብቁና ተመልሰው ይለኩ ነበር። በበሩ ላይም ከጫማ ሣጥን ክዳን በቆረጡት ካርቶን «እየረሳ ነው» ብለው ጽፈው ሰቀሉ። መጀመሪያ ላይ የሳቁት መሐንዲሶች ቆየት ብለው ራሳቸው «ድጋፉስ?» ሲባሉ «እየረሳ ነው» ብለው መመለስ ጀመሩ፤ በኋላም በሥራ ሉሁ ላይ «የተጠበቀ ደቂቃ» የሚል ዓምድ ተጨመረ። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳው ታናሽ ወንድማቸው ዊሊ፣ «እቴ፣ አውቶቡሱን አንቺ ብትነጂው ኖሮ ሊዬዥ በእግሩ ይሄድ ነበር» ቢላቸው፣ እሳቸው «አዎ፣ ግን የሚገጭ ሰው አይኖርም ነበር» ብለው መለሱለት። በዚያ ዓመት ዊሊ ሁለት ጊዜ ገጭቶ ነበር።

አሁን ቤተሰቡ ብዙ ያሰበበትን፣ ነገር ግን እሳቸው ራሳቸው «ይነበብ» ብለው ያዘዙትን ነገር እናነባለን።

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ አቶ ፌርናን የማቅለጫው ጢስ ሳንባቸውን ጨርሶት፣ አሥር ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ የሚያርፉበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ዲሴምበር 1 የብረት ሠራተኞች ጠባቂ የቅዱስ ኤልዋ በዓል ነው፤ በዚያ ቀን በዚህ አገር ብረት የሚነካ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ሥራውን ጥሎ፣ ከነሚስቱ ወይም ከነባሏ ወደ ግብዣው አዳራሽ ይሄዳል። አቶ ፌርናን ከሐኪሞቻቸው ቃል የተነሣ ያ የመጨረሻቸው ቅዱስ ኤልዋ እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ወይዘሮ አርሌትም ያውቁ ነበር፤ አንዳቸው ለሌላቸው ግን አልተናገሩም። በቀጠሯቸው ሰዓት አቶ ፌርናን ወደ መፈተሻው ቤት መጡና፣ የጥበቃው ክፍል ሲጋራ ስለሚጨስበት መግባት ባለመቻላቸው ውጭ በር ላይ ቆሙ። ወይዘሮ አርሌት የአዲሱን ትልቅ መስተዋት ድጋፍ ሦስተኛ እግር አጥብቀው እንደጨረሱ በመስኮት ቢመለከቱ፣ ባለቤታቸው በዚያ ብርድ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ ርግብ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን አቅንተው ቆመዋል።

ስድስት ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያም ገብተው ለኩ፤ ልኩ ትክክል ሆኖ ታያቸው፤ «የተጠበቀ ደቂቃ» በሚለው ዓምድ ላይ፣ እጃቸው ለዓመታት እንደለመደው «40» ብለው ጽፈው ፈረሙና ካፖርታቸውን ለብሰው ሮጡ።

ያ ግብዣ ያማረ ነበር። አቶ ፌርናን ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ አስደሰታቸው፤ በፖም ሽሮፕ የተሠራውን የሥጋ ድቡልቡል ከድንች ጥብስ ጋር በልተው ጨረሱ፣ ፔኬ ከሚባለው የአገሩ አረቄ አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ጠጡ፣ ከባለቤታቸውም ጋር አንድ ዘፈን እስከ እኩሌታው ድረስ ጨፈሩ። እኩሌታውን ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያይዘው ጨረሱት። በማርች 6 ቀን 2001 አረፉ።

በሜይ ወር መስተዋቱ ከነድጋፉ አየሩ ተመጥጦ እንደ ሕዋ ከቀዘቀዘው ትልቁ ጋን ውስጥ ገብቶ ተፈተሸ፤ ሐሙስ ዕለትም ውጤቱ ወጣ። መስተዋቱ በሦስተኛው እግር በኩል አብጧል ተባለ። ኢንጂነር ኤቲየን ግሮዣን፣ ዛሬ እዚህ ከመካከላችን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፣ የሥራ ሉሁን አውጥተው ተመለከቱ፤ ሦስቱም እግሮች አርባ አርባ ደቂቃ ተጠብቀዋል፣ ፈራሚዋም አርሌት ቶናር ናቸው። ፊርማው የእሳቸው በመሆኑ ድጋፉን የጠረጠረ አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱ የመስተዋቱ ነው ተብሎ፣ እብጠቱን ፍቀው እንዲያስወግዱት ለሞራጆቹ እንዲላክ ተወሰነ፤ የሚላክበት ሳጥንም ለሰኞ ተዘጋጀ። መስተዋቱ ከተሞረደ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የሌለው እብጠት ከተፋቀ ደግሞ እላይ ሕዋ ውስጥ በእውነት የጎበጠ መስተዋት ይሆናል፤ እዚያ ወጥቶ የሚያቃናው የለም። የብዙ መቶ ሰዎች የአሥራ አንድ ዓመት ድካም ነበር።

ጥፋቱ የመስተዋቱ አለመሆኑን በዓለም ላይ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ሦስት ቀን ዝም አሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ዊሊ ሊጠይቃቸው ቢመጣ፣ ባለቤታቸው ትተውላቸው ከሄዱት ርግቦች ጋር በርግብ ቤቱ ተቀምጠው አገኛቸው። ሁሉን ነገሩት። ያን ጊዜ የሰጣቸውን ምክር ወንድማቸው ዛሬ በዚህ ሕዝብ ፊት ያነባል፤ እንዲያነበውም የታዘዘ ነው። «ዝም በይ» አላቸው። «ማን ያውቃል? አንቺ ካልተናገርሽ ወረቀቱ አርባ ይላል።»

«ወረቀቱ አርባ ይላል» አሉ፤ «ብረቱ ግን ስድስት ይላል፣ ዊሊ።»

«ሃያ ሦስት ዓመት ሠርተሽ በአንድ ቀን ስምሽን ልታጠፊ ነው? አሁን በሐዘን ላይ?»

ወይዘሮ አርሌት አንዲት ርግብ በእጃቸው አነሡ። እንዲህም አሉ፦ «ስሜ አይደለም የከበደኝ። ያ ቀን ከፌርናን ጋር የሳቅሁበት የመጨረሻው ቀን ነው። ነገ ሄጄ ከተናገርኩ ያ ቀን ስህተት ተብሎ ይመዘገባል። ምነው ባልሄድኩ፣ ምነው ባልጨፈርኩ እንድል ነው አለቆቼ የሚፈልጉት? አልልም። ምን ብዬ ልጻፈው?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሳቸው ግን የቸኮሉት ለባላቸው ነበር፤ መልቀሙ ለብቻቸው ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ኢንጂነር ግሮዣን ቢሮ ገብተው፣ ሳይቀመጡ፣ «መስተዋቱ ምንም አልሆነም፤ ልኩን የሳተው እኔ ያጠበቅሁት የድጋፉ እግር ነው። አርባ ብዬ የጻፍኩት ስድስት ነው» አሉ። ኢንጂነሩ እንደነገሩን፣ መጀመሪያ የመጣባቸው ሐሳብ ሐዘን አእምሯቸውን ነክቶት ይሆናል የሚል ነበር። «ወይዘሮ አርሌት፣ እርስዎን ያጣደፈዎት ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አርሌትም የስህተት መግለጫ ቅጹን ጎተት አድርገው፣ «ምክንያት» በሚለው ሣጥን ውስጥ በዚያ በተስተካከለ የእጅ ጽሑፋቸው «ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር» ብለው ጻፉ። ከበላይ ያሉ ሰዎች ይህ ምክንያት ሊሆን አይችልም፣ «የሥራ ሥርዓት ጉድለት» ተብሎ ይታረም ቢሉ፣ ኢንጂነር ግሮዣን «ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ከጻፍን ሁለተኛ ውሸት ይሆናል» ብለው አላረሙም። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ድረስ በመዝገብ ቤት እንደተጻፈ አለ።

ከዚያ የሆነው ቀላል አልነበረም። አንድ ሉህ ላይ የዋሸ እጅ በሌላውም ላይ ዋሽቶ ይሆናል ተብሎ የመፈረም ሥልጣናቸው ተወሰደ፤ የፈረሟቸው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሉሆች ሁሉ አንድ በአንድ ተመረመሩ። ሉሆቹን ከመደርደሪያ እያወጡ፣ ለመርማሪዎቹ እያቀረቡ፣ ከእሳቸው በዕድሜ ግማሽ በሆኑ ሰዎች ፊት ሰባት ወር ቆሙ። ሁለተኛ ስህተት አልተገኘም። እስከዚያው ድረስ ግን ሦስተኛውን እግር ማንም እንዲነካው ሳይፈቅዱ ራሳቸው ፈቱት፣ መልሰው አጠበቁት፣ ካርቶኑን ሰቀሉ፣ አርባ ደቂቃ ጠበቁ። ሌላ ሰው በሰዓት ቆሞ እንዲመዘግብ የጠየቁትም እሳቸው ናቸው። መስተዋቱ እንደገና ወደ ጋኑ ገብቶ ሲወጣ እብጠቱ ጠፍቶ ነበር። ሞረድ ሳይነካው በሣጥኑ ገብቶ ሄደ፤ በ2006 ወደ ሕዋ ወጣ፤ ዛሬም እዚያ አለ።

እሳቸውም በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ለመታሰቢያ ምን ይፈልጋሉ ቢባሉ ሜዳልያም ሰዓትም አልፈለጉም፤ ካርቶኑን ጠየቁ። ቴሌስኮፑ ያነሣው የመጀመሪያው የከዋክብት ሥዕል በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ልጃቸው ቤኔዲክት ይዛላቸው ብትመጣ፣ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና «እግሩ አይታይም» አሉ፤ ከዚያ በኋላ አለቀሱ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲያለቅሱ ልጃቸው ያየቻቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የጡረታ ዘመናቸውን ርግቦቹን እየጠበቁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት እየተቀበሉ፣ ዘወትር እሑድ ለወንድማቸው የሩዝ ታርት እየጋገሩ አሳለፉ። ታርቱን ከምድጃ አውጥተው «አትንካ፣ ይርሳ» እያሉ ስንት ጊዜ ቀዝቃዛ እንዳበሉት ወንድማቸው ቆጥሮ አይጨርስም፤ ዛሬ ግን ያንኑ ቀዝቃዛ ታርት በምን አገኘው ይላል። በ2022 ልባቸው ደከመ፤ ልጆቻቸውና ሐኪሞቻቸው የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ፤ እሳቸውም ማንንም ሳያስቸግሩ፣ በኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ የልጃቸውን የዢልን እጅ እንደያዙ አረፉ።

ወይዘሮ አርሌት ቶናር ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድምና አሥራ አንድ ርግቦችን ትተው ሄደዋል። ርግቦቹን ዢል ወስዷል።

ለወንድማቸው በተዉት ደብዳቤ ላይ እንዲህ የሚል ተገኝቷል፦ «ዊሊ፣ ሰው ሁሉ የሬሳ ሣጥኔ ላይ እጁን አሳርፎ ሲጨርስ ወዲያው ወደ መቃብር እንዳታወርዱኝ። ካርቶኑን ስቀልና አርባ ደቂቃ ጠብቅ። ፌርናን እንደሆነ ሃያ ሁለት ዓመት በር ላይ ቆሞ ጠብቆኛል፤ ለአርባ ደቂቃ አያኮርፍም። ስድስት ላይ አርባ ነው እንዳትል፤ አውቅሃለሁ።»

ያን ቀን ብርድ ላይ የቆሙትን ባልና ወደ እሳቸው የሮጡትን ሚስት ያየ አምላክ፣ የእህታችንን ነፍስ በዚያው በር ተቀብሎ ከባለቤታቸው ጋር በሰላም ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።

አሁን በተራ ቅረቡ፣ እጃችሁንም ሣጥኑ ላይ አሳርፉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ። ካርቶኑ ይኸው። ሰዓት የሚይዘው ወንድማቸው ነው፤ ኢንጂነር ግሮዣን አጠገቡ ቆመው ይመዘግባሉ። ዛሬ አርባው አርባ ይሆናል።